በፍርሃት ላደጉትም ትንሣኤ አለ



ሃምሳ አምስቱን የዐቢይ ጾም ዕለታት ፈጽመን፣ ሰሙነ ሕማማትን በስግደትና በኀዘን ተሻግረን፣ ሌሊቱን በቤተ ክርስቲያን ቆመን የትንሣኤውን የምሥራች ከሰማን በኋላ እነሆ ለማዕድ ቀርበናል። ዶሮው ተሠርቷል፤ ድፎው ተባርኮ ተቆርሷል፤ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቧል። ይሁን እንጂ በብዙዎቻችን ቤት በዚህ ማዕድ ዙሪያ አንድ ሰው ይጎድላል። አባት ስሙን አያነሣም። ወንድምና እኅትም ነገሩን ያውቁታልና ዝም ይላሉ። እናት ብቻ እንጀራውን ስታወጣ የእርሱን ድርሻ በልቧ ትቆርሳለች።

ይህ የጎደለው ሰው በሞት የተለየ አይደለም። ከክርስቲያን ቤተሰብ ተወልዶ፣ በአርባ ቀኑ ተጠምቆ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ በጥብቅ ሥርዓት አድጎ፣ አንድ ቀን ግን ማተቡን በጥሶ ከቤቱም ከቤተ ክርስቲያኑም የወጣ ልጅ ነው። አንዳንዱ ከእኛው ሠፈር ጥቂት ርቆ ይኖራል። አንዳንዱ ባሕር ተሻግሯል። አንዳንዱም በማረሚያ ቤት ይገኛል። ዘመዶቹ «ከሓዲ» ይሉታል፤ ጎረቤት «ዓለም ያታለለው» ይለዋል። ለምን እንደ ወጣ ጠይቀው መልሱን እስከ መጨረሻው የሰሙት ግን ጥቂቶች ናቸው።

በዚህ ጽሑፍ የምንለው ይህን ነው። ከቤታችን ከወጡት ልጆች ብዙዎቹ የሸሹት እግዚአብሔርን አይደለም፤ እኛ በእግዚአብሔር ስም ያሳየናቸውን ጨካኝ ጌታ ነው እንጂ። ስለዚህ ቁስላቸው በተግሣጽ አይድንም። ፈውሱ የሚጀምረው ይቅርታ ሲጠየቅ ነው፤ አስቀድሞ ይቅርታ መጠየቅ የሚገባውም የወጣው ልጅ ሳይሆን ያቆሰለው ቤት ነው።

ይህን የተማርነው ከመጻሕፍት ብቻ አይደለም። ከዓመታት በፊት ከሰበካችን የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ጋር ሆነን በበዓላት ዋዜማ ወደ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት እየሄድን እስረኞችን እንጠይቅ ነበር። ከርቸሌ የተባለው፣ «ዓለም በቃኝ» የሚለው ስም የተያያዘበት አሮጌው ወህኒ ቤት ተዘግቶ በስፍራው የአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤት ከታነጸ ወዲህ፣ ስንቅ ይዞ የሚሄደው የአዲስ አበባ ሰው እግሩን ወደ ከተማዪቱ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ወደ ቃሊቲ አዞረ። ከደጁ ስንደርስ ፍተሻ አለ። ያመጣነውን ምግብ እኛው ቀምሰን እናሳያለን። ጠያቂና ተጠያቂ በአጥር ማዶ ለማዶ ይቆማሉ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚናገር የእናት ድምፅ ከሌላዋ እናት ድምፅ ጋር ይጋጫል። ፈቃድ ባገኘን ጊዜም ወደ ውስጥ ገብተን ለጸሎት ከተሰበሰቡት ጋር እንማማር ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያሉ ሰዎች ከትዳር ጓደኛቸው፣ ከዘመድ ወዳጃቸው፣ ከሐኪማቸውና ከሕግ አማካሪያቸው ሌላ ከሃይማኖት አማካሪያቸውም ጋር የመገናኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። እኛ ዲያቆናት ነንና ንስሐ መቀበል ሥልጣናችን አይደለም፤ ያ የካህን ነው። መስማት ግን ለማንም አልተከለከለም።

በዚያ ደጅ ላይ የተጻፈውን ስም ስናነብ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይታሰበን ነበር። «ማረሚያ» የሚለው ቃል «አረመ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። በአማርኛችን ገበሬም ያርማል፣ መምህርም ያርማል። ገበሬ እርሻውን ከአረም ያጠራል፤ መምህር የተማሪውን ስሕተት ያቃናል። ጌታችን ግን ስለ ስንዴውና ስለ እንክርዳዱ ባስተማረው ምሳሌ፣ ባለ እርሻው አገልጋዮቹን እንክርዳዱን እንነቅላለን ሲሉ ስንዴውንም አብረው እንዳይነቅሉት ከለከላቸው (ማቴ. ምዕ. 13)። ይህን ጥንቃቄ የዘነጋ አራሚ እርሻውን ባዶ ያስቀረዋል። በየቤታችን የሆነውም አንዳንድ ጊዜ ይኸው ነው። ከልጁ ላይ ዋልጌነትን ለመንቀል ስንታገል ከነሥሩ የነቀልነው እምነቱን ሆኖ ተገኝቷል።

በአንድ ዐቢይ ጾም ወቅት፣ በማረሚያ ቤቱ ውስጥ ለትምህርት የተሰበሰቡት መካከል ዘወትር ከዳር ተለይቶ የሚቀመጥ አንድ ሰው አየን። ዕድሜው ከሠላሳ ዐምስት አያልፍም። ስሙንና አገሩን እንተወዋለን፤ በምን እንደ ታሰረም እኛ አልጠየቅነውም። ሲጸለይ አይቆምም፤ ሲዘመር ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል፤ ነገር ግን አንድ ቀን እንኳ ቀርቶ አያውቅም። በሦስተኛው ሳምንት ቀርበን ሰላምታ ሰጠነው። «ዲያቆን፣ እኔን ለጸሎት አይጥሩኝ» አለን። «መጀመሪያ የታሰርሁት እዚህ አይደለም። መጀመሪያ የታሰርሁት በቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው።»

አባቱ በአንድ የገጠር ደብር መሪጌታ ናቸው። ልጁን ለድቁና፣ ከዚያም ለቅኔ አስበውት ነበር። በሰባት ዓመቱ ለሌላ መምህር ሰጡት። ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ወደ እናቱ ሮጠ፤ ሁለት ጊዜ መለሱት። በሦስተኛው አባቱ ራሳቸው እግሩን በገመድ አስረው ከጎጆው ምሰሶ ጋር አቆራኙት፤ ዳዊቱን በዚያ ሆኖ ደገመ። ጾም ገድፎ ሲገኝ በበርበሬ ጢስ ታጠነ። ሌሊት ሲያለቅስ ዝም የሚያሰኙት እግዚአብሔር ከላይ ሆኖ ስሙን በጥፋት መዝገብ እየጻፈው እንደሆነ በመንገር ነበር። በዐሥራ ሦስት ዓመቱ በጭነት መኪና ተሳፍሮ አዲስ አበባ ገባ፤ ማተቡንም መርካቶ አውቶቡስ ተራ እንደ ደረሰ በጠሰው። «ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት ቤተ ክርስቲያን አልረገጥሁም» አለን። «የዕጣን ሽታ ሲሸተኝ ዛሬም ቁርጭምጭሚቴን ያመኛል።»

ይህን ስንሰማ ለመመለስ አልቸኮልንም፤ የምንለውም አልነበረንም። እኛም ፊደል የቆጠርነው በገጠር ደብር አጥር ሥር ነው። መምህራችን በአንድ እጃቸው መጽሐፉን፣ በሌላው አለንጋውን ይይዙ ነበር። ውለታቸውን አንክድም፤ በክረምት ብርድ ጋቢያቸውን ያለበሱን፣ ያገኙትን ቆሎ ያካፈሉን እርሳቸው ናቸው። ይሁን እንጂ ከመዝሙረ ዳዊት የትኛውን ክፍል በልቅሶ እንደ ተማርነው እስከ ዛሬ ለይተን እናውቀዋለን። ከዚህም የሚያሳፍረን አለ። እኛም በተራችን አባት ስንሆን የገዛ ልጃችንን በሐሙስ የቀረ ሥጋ ዓርብ ቀመሰ ብለን መትተነዋል። ስንመታውም የእግዚአብሔርን ስም ጠርተናል። ያ ሰው በእስር ቤት ሆኖ ሲናገር የሰማነው የእርሱን አባት ብቻ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። «እኛስ በዚያው አለንጋ አይደለም ሰው የሆነው?» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ብዙዎች ሆነዋል። ነገር ግን ከድርቅ የተረፈው ማሳ ድርቁን አያስመሰግነውም። ደግሞም የምንነቅፈው ጾሙን፣ ጸሎቱን፣ ስግደቱን አይደለም። እነዚህ የአባቶቻችን መድኃኒቶች ናቸው። መድኃኒት ግን መጠን አለው፤ ለሕፃንና ለጎልማሳ አንድ ልክ አይሰጥም። ፍትሐ ነገሥታችን እንኳ ስለ ጾም በደነገገበት በ15ኛው አንቀጽ በሕመም ለደከመ ሰው ሸክሙን ያቀልለታል። ሕጉ ራርቶ ሳለ ያልራራነው እኛ ነን።

የቤተ ክርስቲያን አባቶችም ስለ ልጆች አስተዳደግ ያስተማሩት ከብዙዎቻችን ልማድ የራቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ407 በስደት ያረፈው ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ልጆችን ስለ ማሳደግ በጻፈው ድርሳን፣ አባት ልጁን ዘወትር በመምታት እንዳያሳድገው ይመክራል፤ ልጅ በትርን ይፍራ እንጂ በትርን አይልመድ የሚል ነው የትምህርቱ ፍሬ ሐሳብ። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ልጆች ተስፋ እንዳይቆርጡ አባቶች እንዳያስመርሯቸው ወደ ቆላስይስ ሰዎች በላከው መልእክት ያዝዛል (ምዕ. 3)። ከመጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ የሆነው ማር ይስሐቅ ንስሐን በመርከብ፣ ፈሪሃ እግዚአብሔርን በመርከቡ መሪ፣ ፍቅርን ደግሞ በወደብ ይመስለዋል። ፍርሃት የሚያደርስ ነው እንጂ የሚኖሩበት አይደለም። እኛ ግን ልጆቻችንን በመርከብ አሳፍረን ወደቡን ሳናሳያቸው በባሕሩ መካከል ተውናቸው።

ቤተ ክርስቲያናችን ራሷ በትር የምታነሣበት አንድ ቀን አለ። በዕለተ ስቅለት ምእመናን ሲሰግዱ ውለው በመጨረሻ ወደ ካህናት ይቀርባሉ። ካህኑ በወይራ ቅጠል ትከሻቸውን ጠብጠብ ያደርጋል፤ እንደ አቅማቸውም ስግደት ያዝዛቸዋል። ጥብጠባ የሚባለው ይህ ነው። ትናንት ወዲያ በየደብሩ ያየነው ነውና አንባቢ ያስታውሰዋል። ከዚያ ቅጠል ሥር ቆስሎ የተነሣ ሰው የለም፤ ቀልሎት የሄደ እንጂ። የቤተ ክርስቲያን በትር የወይራ ቅጠል ሆኖ ሳለ በቤታችን አለንጋ ያደረግነው ማን ፈቅዶልን ነው?

ወደ ቃሊቲው ሰው እንመለስ። ከዐቢይ ጾም ሰንበታት ስድስተኛው ገብር ኄር ይባላል። በዚያ ዕለት የሚነበበው ወንጌል ጌታው ለሦስት አገልጋዮቹ መክሊት ሰጥቶ የሄደበት ምሳሌ ነው (ማቴ. ምዕ. 25)። ሁለቱ ነግደው አተረፉ፤ ሦስተኛው ግን ጌታው ጨካኝ መሆኑን አውቃለሁ ብሎ፣ ፈርቶ፣ መክሊቱን በምድር ቀበረው። ይህን አንብበን ስንጨርስ ያ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ከጥጉ ተናገረ። «የቀበረው እኔ ነኝ» አለ። «ለእኔም ጌታው ጨካኝ ነው ተብሎ ነው የተነገረኝ። እርሱም በመጨረሻ ተቀጣ፤ እኔም ይኸው።»

እስረኞቹ ሁሉ ወደ እኛ ተመለከቱ። በኮሌጅ የተማርነው የመጻሕፍት ትርጓሜ በዚያች ሰዓት ሁሉ ከአፋችን ጠፋ። ጥቂት ቆይተን እንዲህ አልነው፤ «ወንድማችን፣ ሦስቱም ያገለገሉት አንድ ጌታ ነው። ሁለቱ ግን ወደ ደስታው የሚያስገባቸው ሆኖ አገኙት። ልዩነቱ በጌታው አይደለም፤ እያንዳንዱ በልቡ በያዘው የጌታው ሥዕል ነው። የሦስተኛውን ሥዕል ማን እንደ ሣለበት መጽሐፉ አይነግረንም። የአንተን ማን እንደ ሣለው ግን አንተ ታውቃለህ፤ እርሱም እግዚአብሔር አይደለም።» ቀጥለንም ምዕራፉን እስከ መጨረሻው አነበብንለት። በዚያው ምዕራፍ መደምደሚያ ላይ በክብሩ ዙፋን የተቀመጠው ንጉሥ ራሱን ከተራቡት፣ ከታረዙት፣ ከታመሙትና ከታሰሩት ጋር ይቆጥራል። እስረኛን የጠየቀ እርሱን እንደ ጠየቀ ይናገራል። መክሊቱን ያስቀበረው የጨካኝ ጌታ ሥዕልና ይህ የታሰረ ንጉሥ በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ይገኛሉ፤ በመካከላቸው ያለው ሁለት ገጽ አይሞላም። ብዙዎች ግን የመጀመሪያውን ብቻ ሰምተው ከቤት ይወጣሉ።

ያ ሰው ምንም አልመለሰም። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ከጥጉ ተነሥቶ ከሰዎቹ መጨረሻ ቆመ።

በዚህ አንድ ሰው ታሪክ ውስጥ የአንድ ትውልድ ታሪክም ይታያል። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በፊት ያደጉት ወጣቶች ብዙዎቹ ፊደልን የቆጠሩት በቄስ ትምህርት ቤት ነበር። ከእነርሱም ብዙዎች ማተባቸውን አውልቀው ሃይማኖትን የኋላ ቀርነት ምልክት አድርገው ቆጠሩት። ለዚህ ምክንያቱ የአስተዳደግ ጭካኔ ብቻ ነበር አንልም፤ የዘመኑ ፍልስፍና፣ የመሬቱ ጥያቄ፣ የድኻው ብሶት ነበረበት። ከዚያ በኋላ ስለ ፈሰሰው ደምም አስተዳደግ ሰበብ ሊሆን አይችልም። ቤተ ክርስቲያን በዚያ ዘመን እጅግ ቆስላለች። ፓትርያርኳ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ፤ ዐፅማቸው ተገኝቶ በክብር ያረፈው በ1984 ዓ.ም. ነው።

ከብዙ ዓመታት የፍርድ ሂደት በኋላ በ2000 ዓ.ም. የሞት ቅጣት የተፈረደባቸው የደርግ ባለሥልጣናት በቃሊቲ ሳሉ፣ የሃይማኖት አባቶች ስለ እነርሱ የይቅርታ ልመና አቀረቡ። በዚያ ጊዜ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በደርግ ዘመን ራሳቸው ለዓመታት የታሰሩ ነበሩ። በ2003 ዓ.ም. የሞት ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፤ በ2004 ዓ.ም. መስከረም ወርም ብዙዎቹ ከእስር ወጡ። በዚህ ያዘኑ የሟቾች ቤተሰቦች ነበሩ፤ ኀዘናቸውም ተገቢ ነው፤ ይቅርታ የሟችን ደም አያቀልምና። እኛ ልናስተውለው የሚገባን ይህን ነው፤ የቆሰለች እናት ስለ ወጡ ልጆቿ መለመን ከቻለች፣ አንድ አባት ከቤቱ ስለ ወጣ ልጁ መለመን እንዴት ያቅተዋል? በተለይም ያቆሰለው እርሱ ራሱ ሲሆን?

የወጣ ሰው ሊመለስ ቢወድ ቤተ ክርስቲያን መንገዱን አልዘጋችም። ምሥጢረ ንስሐ አለ። መጽሐፈ ቄደር የሚባል፣ ከሃይማኖት ወጥቶ ለሚመለስ ሰው የሚጸለይ የመንጻት ጸሎት አለ። ይህም ዳግም ጥምቀት አይደለም፤ ጥምቀት አንዲት ናትና። ልጅነቱ እንዳልጠፋበት የሚነገርበት ነው። ለታመመም ምሥጢረ ቀንዲል አለ። ዲድስቅልያ ጳጳሳት የሚመለሰውን በርኅራኄ እንዲቀበሉና እንደ ሐኪም እንዲያክሙት ያዝዛል። ከሰማንያ አንዱ መጻሕፍት አንዱ የሆነው መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብር ያስተምራልና፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣው፣ የልጅነቱ ፍርሃት የሚመላለስበት ሰው ከጠበሉ ጋር ወደ ሐኪምም ቢሄድ እምነት ማጣት አይደለም።

በዚያ ዓመት በሆሣዕና ማግሥት ሰውየው አንድ ነገር ጠየቀን፤ እናቱ በሕይወት መኖሯን እንድናጣራለት። በአገሩ ካህናት በኩል ጠይቀን እናቱም አባቱም መኖራቸውን ሰማን። መሪጌታም ልጃቸው የት እንዳለ ሰሙ። በቀዳም ሥዑር ዕለት፣ ካህናት ለምእመናን ቄጤማ በሚያድሉበት ጠዋት፣ ሽማግሌው ቄጤማውን በራሳቸው ላይ እንዳሰሩ ከቃሊቲ ደጅ ደረሱ። ዐይናቸው ደክሟል፤ አንድ ዘመድ እጃቸውን ይዟቸው ነበር።

በአጥሩ ማዶና ማዶ ቆሙ። በዙሪያችን ጠያቂው ሁሉ ይጮኻል። ሽማግሌው ግን ድምፃቸውን አላነሡም። «ልጄ፣ አወቅኸኝ?» አሉ። እርሱም «አወቅሁዎ፣ አባባ» አለ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ በኋላ፣ «እኔን የኔታ በሰንሰለት አስረው ነው ያስተማሩኝ። ገመድ ያቀለልሁልህ መስሎኝ ነበር። እግዚአብሔር እንዲህ አላለኝም ነበር። ይቅር በለኝ» አሉ።

ልጁ አልቅሶ ይቅር አላለም፤ እንዲህ የሚሆነው በተረት ነው። ዝም ብሎ ቆየና፣ «እማማ እግሯ ዳነ ወይ?» አላቸው። ሽማግሌው «በምርኩዝ ትሄዳለች፤ ጥሪው ትለኛለች» አሉት። ሰዓቱ አበቃ። ሲለያዩ መሪጌታ ከራሳቸው ላይ ቄጤማውን ፈትተው ጥበቃውን ለመኑ፤ ጥበቃውም ፈትሾ አሳለፈው። ልጁ በራሱ ላይ አላሰረውም። አጥፎ ከደረት ኪሱ ከተተው።

በዚያው ምሽት ከመቅደስ ሰዓት በፊት ቤታችን ገብተን የገዛ ልጃችንን ጠራነው። በዚያ ዓርብ ስለ መታነው ይቅርታ ጠየቅነው። ረስቶት ይሆናል ብለን ነበር፤ አልረሳውም። የሚለብሰውን ሸሚዝ ቀለም እንኳ ያስታውስ ነበር።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ በዚህ በዓል የምናሳስበው ጥቂት ነው። የወጣ ልጅ ያለው ቤት ዛሬ ስልክ ይደውል፤ ሲደውልም ስለ ቤተ ክርስቲያን አይጀምር፣ ስለ ጤናው ይጀምር። ታሪኩን ሲናገር በመካከል አይቋረጥ፤ «ለጥቅምህ ነው» አይባል። ማዕዱ የመመለስ ዋጋ አይሁን፤ የጠፋው ልጅ አባት ልጁ ገና ሩቅ ሳለ ሮጦ አቀፈው እንጂ ይቅርታ ጠያቂውን ቃል እስኪጨርስ አልጠበቀውም (ሉቃ. ምዕ. 15)። ታናናሾቹ ልጆች ጾምን ከእናታቸው ጎን ቆመው በፍቅር ይልመዱት፤ የሚከተላቸውም ዐይን የአባት ዐይን መሆኑን ይስሙ። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት እንዲጠበቁ ደንግጓል፤ በቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር የሚማረው ሕፃንም ሕፃን ነው።

ለወጣኸውና ለወጣሽውም አንድ ቃል አለን። የደረሰባችሁ ደርሶባችኋል፤ አልደረሰም አንልም። በስሙ የተመታችሁበት ጌታ ግን በአለንጋ ሲገረፍ ከእናንተ ጋር ነበር እንጂ ከገራፊው ጋር አልነበረም። መመለስ ብትወዱ ቀስ ብላችሁ ኑ፤ የሚሰማ ካህን ፈልጉ፤ ከሕዝቡ መጨረሻ መቆምም መቆም ነው። ገና ካልቻላችሁም ከእናታችሁ ማዕድ አትቅሩ።

የትንሣኤ በዓል የእስረኞች በዓል ነው። ጌታችን በመቃብር ሳለ በነፍሱ በወኅኒ ወደ ነበሩት ነፍሳት ወርዶ የሰበከ መሆኑን ቅዱስ ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ በምዕራፍ 3 ጽፎልናል። ታሰሩ የተባሉት ወደ እርሱ እስኪመጡ አልጠበቀም፤ እርሱ ወደ እነርሱ ወረደ። ትንሣኤውን የሚያከብር ቤትም እንዲሁ ያድርግ።

ዛሬ በማዕዳችን ዙሪያ የጎደለውን ሰው ስም ጮክ ብለን እንጥራ። መልካም የትንሣኤ በዓል ይሁንልን።